“በውሃ የሚሠራ” የሃይድሮጅን ኪት በቪትዜ ላይ፦ የስምንት ወር ልምዴ

ነገሩ የጀመረው ጥር 2017 ላይ፣ ቤንዚን በሊትር 100 ብር ባለፈ ሰሞን ነው። ሥራዬ ኮንትራት ነው። ጠዋት ከሰሚትና ከሲኤምሲ ተማሪዎች ለቅሜ ቦሌ አደርሳለሁ፣ ቀን መገናኛና ሃያ ሁለት አካባቢ በአፕ እሠራለሁ፣ ማታ ልጆቹን ወደየቤታቸው እመልሳለሁ። መኪናዬ ባለ 1.3 ቪትዝ ናት። በቀን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስሄድ 9 ሊትር ከዚያም ትንሽ አለፍ ያለ ትበላለች። ወላጆች የሚከፍሉኝ በመስከረም የተዋዋልነውን ነው፤ ነዳጅ ሲጨምር ጭማሪው ከእኔ ኪስ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ልጅ በስልኩ ኮፈን ሥር የሚንቦለቦል ጠርሙስ አሳይቶኝ “ጋሼ፣ ከውሃ ሃይድሮጅን አውጥቶ ለሞተሩ ይሰጣል፣ 30 እና 40 ፐርሰንት ነዳጅ ይቆጥባል” ሲለኝ ጆሮዬን ሰጠሁት። ተከላውን ጨምሮ 18,500 ብር ከፈልኩ። የሻጩንም የኪቱንም ስም አላነሳም። በየቦታው በተለያየ ስም የሚሸጠው በአሠራሩ አንድ ዓይነት ነው፤ የምጽፈውም ስለ አሠራሩ ነው።

ላላያችሁት ልግለጸው። የማይዝግ ብረት ሳህኖች በጎማ ተለያይተው የተደረደሩበት፣ የወፍራም መጽሐፍ ያህል የሆነ ነገር ከባትሪው ጎን ይታሰራል። ውስጡ ውሃና ትንሽ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ አለ፤ ውሃ ብቻውን ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ ነው። ከባትሪው በፊውዝና በሪሌ በኩል መብራት ይገባል፣ ውሃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፈላል። ጋዙ ሌላ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ እየተንቦለቦለ ያልፍና በቀጭን ቱቦ ከአየር ፊልትሮው በኋላ ሞተሩ ይስበዋል። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። በቃ ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን ወር በደስታ ነው ያሳለፍኩት። በፊት በሊትር 12.4 ኪሎ ሜትር ነበር የምሄደው። በየካቲት መጨረሻ ደብተሬ ላይ 13.9 ተጻፈ። የተባለው 30 ፐርሰንት ባይሆንም በወር ሲደመር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ባለቤቴን “አየሽ?” አልኳት። ለሁለት የሥራ ጓደኞቼም ነገርኳቸው፤ አንዱ እኔን አምኖ አስገጠመ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁትም ባብዛኛው ለእሱ ስል ነው።

መጋቢት ላይ ለዘይት ቅያሪ የሰፈሬ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። አርባ ዓመት ኮፈን ሥር የኖሩ ሰው ናቸው። ኪቱን አዩት፣ ምንም አላሉም። ሞተሩን አስነሱኝና መብራት አብራ አሉኝ። ጋራዡ ጨለም ያለ ስለሆነ የፊት መብራቱ ግድግዳው ላይ በደንብ ይታያል። “አሁን የውሃውን አብራ።” አበራሁ። ሞተሩ ድምፁ ወረድ አለ፣ ትንሽ ተንገራገጨና ራሱን አስተካከለ። ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ፈዘዝ ብሎ ተመለሰ። “አጥፋ።” ሞተሩ ቀለል አለው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ሳበራው ይህን አልሰማሁትም፤ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር የማበራው።

ከዚያ ቴስተራቸውን ሽቦው ላይ ያዙ። 15 አምፔር።

“ልጄ፣ ይሄ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል?”

“ከባትሪው።”

“ባትሪውንስ ማን ይሞላዋል?”

“ዲናሞው።”

“ዲናሞውን ቺንጋው ያዞረዋል፣ ቺንጋውን ሞተሩ ያዞረዋል። ሞተሩን የሚያዞረው ያው ቤንዚንህ ነው።”

ማታ ቤት ገብቼ ከልጄ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ጋር ተቀመጥኩ። ሒሳቡን ማንም መሥራት ይችላል፤ ኪት ከመግዛታችሁ በፊት እንድትሠሩት ስለምፈልግ ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጠው። በቀን ጠርሙሱ ላይ የምጨምረው ውሃ ሩብ ሊትር አካባቢ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን 111 ግራም ነው፤ በሩብ ሊትር ወደ 28 ግራም ይመጣል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ሲነድ 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለሞተሬ የገባው ሃይድሮጅን 1 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። አንድ ሊትር ቤንዚን ደግሞ ወደ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ኪቱ በቀን የሚሰጠኝ ነዳጅ አንድ አሥረኛ ሊትር ቤንዚን ነው ማለት ነው፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ።

የሚወስደውስ? 15 አምፔር በ13.8 ቮልት ሲባዛ 200 ዋት ይሆናል፤ በስምንት ሰዓት 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት። ይህ ከዲናሞው የወጣው ብቻ ነው። ዲናሞ ከተቀበለው ጉልበት ወደ ግማሽ የሚጠጋውን በሙቀት ያባክናል፤ ሞተር ደግሞ ከተማ ውስጥ ከቤንዚኑ አንድ አራተኛ ያህሉን ነው ወደ ሥራ የሚለውጠው፣ ቀሪው በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል። ወደኋላ ሲቆጠር ያን መብራት ለማመንጨት በቀን አንድ ሊትር ገደማ ቤንዚን ይነዳል። አንድ ሊትር ሰጥቼ አንድ ብርጭቆ እቀበላለሁ።

ሻጩ ለዚህ መልስ አለው፤ ብዙዎቻችሁም ትሰሙታላችሁ። “ሃይድሮጅኑ እንደ ነዳጅ ሳይሆን ቤንዚኑን አሟልቶ ለማንደድ ነው የሚጠቅመው” ይላል። የኔ ዓይነቱ ደህና ሞተር ግን ቤንዚኑን መቶ ባይሞላም ወደ መቶው ተጠግቶ አንድዶ ይጨርሳል። ሳይነድ የሚወጣው በጣም ጥቂት ነው፤ ከእዚያ 30 ፐርሰንት ቁጠባ አይገኝም።

ታዲያ 13.9 ከየት መጣ? ደብተሬን ስገልጥ አገኘሁት። ኪቱ በተገጠመ ቀን የገጠሙልኝ ልጆች አራቱንም ካንዴላ ቀይረዋል፣ ፊልትሮውን በአየር አጽድተዋል፣ ጎማዎቹንም በልኩ ነፍተዋል። “ከጋዙ ጋር እንዲስማማ” ነበር ያሉኝ። እኔም ስቆጥብ ለማየት ጓጉቼ ነዳጅ መስጫውን ለስለስ አድርጌ መርገጥ፣ ቀይ መብራት ከሩቅ ሳይ እግሬን ማንሳት ጀምሬያለሁ።

ይህን ለመለየት ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ሁለት ሳምንት እያበራሁ፣ ሁለት ሳምንት እያጠፋሁ ነዳሁ። ሁልጊዜ አንድ ማደያ ፉል አስሞልቼ፣ በቀጣዩ ፉል ኪሎ ሜትሩን በሊትሩ እያካፈልኩ። በርቶ 13.6 ሆነ፤ ጠፍቶ 14.7። ከተማው ያደናግር ይሆናል ብዬ ሁለት እሑድ ከቃሊቲ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ደርሶ መልስ ሄድኩ፤ አንዱን አብርቼ፣ አንዱን አጥፍቼ፣ ሁለቱንም በ80። ደርሶ መልስ የግድ ነው፤ አዳማ ከአዲስ አበባ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለሚል መውረዱን ብቻ የለካ ሰው ይታለላል። እዚያም ጠፍቶ ነው የተሻለው፤ ልዩነቱ ግን ከከተማው ያነሰ ነው።

ወጪው በነዳጅ ብቻ አላበቃም። ግንቦት ላይ የባትሪ ምልክቱ ዳሽቦርዱ ላይ በራ። የዲናሞው ካርቦን አልቋል፣ ዳዮዱም ተቃጥሏል። አሮጌ ዲናሞ ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ ለኪቱ አልሰጥም፤ ግን ቀኑን ሙሉ 15 አምፔር ተጨማሪ መሸከሙ ዕድሜውን አላራዘመለትም። ውሃው ደግሞ በየሳምንቱ ወደ ቡናማነት ይለወጣል። የሚያዙት የባትሪ ውሃ ቢሆንም ሳህኖቹ ራሳቸው እየተበሉ ነው የሚያቆሽሹት። ሳጸዳ አንድ ቀን ያለ ጓንት ነካሁት፤ ጣቶቼ መጀመሪያ እንደ ሳሙና ሙልጭልጭ አሉ፣ ከዚያ ለሁለት ቀን ለበለቡኝ። ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳ ይበላል። ልጆች ያሉበት ቤት በውሃ ላስቲክ ቀድታችሁ እንዳታስቀምጡ አደራ።

ከሁሉ የባሰው ሰኔ ላይ የሆነው ነው። ጠዋት አስነስቼ ከግቢ ሳልወጣ ኮፈኑ ሥር ርችት የመሰለ ድምፅ ጮኸ። ስከፍተው የጠርሙሱ ክዳን ተሰንጥቆ ውሃው ተረጭቷል። ሞተሩ ወደኋላ ተኩሶ እሳቱ በቱቦው ተመልሶ ነው። በመሃል ያለው የውሃ ጠርሙስ እሳቱ ወደ ሳህኖቹ እንዳይደርስ የሚያግድ ነው፤ ሥራውንም ሠራ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ከዚህ ኪት የሚወጣው ሃይድሮጅን ከኦክስጅኑ ጋር አብሮ የተቀላቀለ ነው፤ ለመፈንዳት ከውጭ አየር እንኳ አያስፈልገውም። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ቢሆን የሰው ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ተማሪ ጭኜ አብርቼው አላውቅም፤ ፈተናዬን የጨረስኩት ብቻዬን ስሆን ነው።

ለጓደኛዬ ደግሞ ሻጮቹ ተጨማሪ ዕቃ ሸጠውለታል። በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለክቶ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግረውን የኦክስጅን ሴንሰር አታልሎ ኮምፒውተሩ ቤንዚን እንዲቀንስ የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን ነው። ለጥቂት ሳምንት የቆጠበ መሰለው። ከዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፣ ቼክ ኢንጅን በራ። ነዳጅ አንሶት የሚሠራ ሞተር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ቫልቭ ያቃጥላል። ሳጥኑን አስነቅለንለት ሞተሩ ተርፏል። የኪቱን ገንዘብ ግማሹን እኔ ልክፈል ብዬው እምቢ አለ፤ በጉልበት ዘይትና ካንዴላ ገዛሁለት።

ስለ ቤትም ተጠይቄያለሁ። የእህቴ ባል ይህንኑ ሳጥን አሳድጎ ለምድጃ ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ ለምኜ አስተውኩት። መብራት ካለህ በቀጥታ ምጣድህን ሰካ። መብራቱን ወደ ሃይድሮጅን፣ ሃይድሮጅኑን ወደ እሳት ስትለውጥ በየደረጃው ይጎድላል እንጂ አይጨምርም። ደግሞም ሃይድሮጅን ሽታ የለውም። ቡታጋዝ ሲያፈስ የምናውቀው ሆን ተብሎ የሚሸት ነገር ስለሚጨመርበት ነው። የሃይድሮጅን ነበልባል በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር እናት ወጥ ቤት ትግባ አልልም።

ሃይድሮጅን ራሱ ውሸት ነው እያልኩ ግን አይደለም። ቶዮታ ሚራይ የሚባለው መኪና በሃይድሮጅን ይሄዳል፤ 5.6 ኪሎ ያህል በ700 ባር ታምቆ ይሞላበታል፣ በአሜሪካ መለኪያ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ ሃይድሮጅኑ ሌላ ቦታ ተመርቶ ነው የሚሞላው፤ መኪናው ላይ ከውሃ አይወጣም። ያን ያህል ከውሃ ለማውጣት 300 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ መብራት ይጠይቃል። በዚያው መብራት አሁን በየመንገዱ የምናያቸው ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ለከተማ መኪና ቀጥታ ባትሪ የሚሻለው። ሃይድሮጅን ቦታው ሌላ ነው፤ ለምሳሌ ማዳበሪያ። ግብፅ ውስጥ አስዋን ላይ ያለው የኪማ ፋብሪካ ለአሥርት ዓመታት በአስዋን ግድብ መብራት ከውሃ ሃይድሮጅን እያወጣ ማዳበሪያ ሠርቷል። እኛም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የመረቅነው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ ማዳበሪያ ግን ዛሬም በዶላር እናስገባለን። ከውሃ ሃይድሮጅን ማውጣትን ባሰብኩ ቁጥር አሁን የሚታየኝ የአርሲና የጎጃም ገበሬ ነው።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የአሜሪካዊውን የስታንሊ ሜየርን ቪዲዮ ያሳያሉ፤ በውሃ የሚሄድ መኪና ሠርቶ ነበር ይላሉ። ቪዲዮው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኦሃዮ ውስጥ ገንዘብ ያስገቡ ሁለት ሰዎች ከሰውት ባለሙያዎች ዕቃውን መረመሩ፤ ተራ ውሃ መክፈያ ሆኖ አገኙት። ፍርድ ቤቱም አጭበርብሯል ብሎ ገንዘባቸውን እንዲመልስ ፈረደበት።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፦ አሁኑኑ አጥፉትና ሁለት ፉል ነዳጅ ሳታበሩት ንዱ፤ ደብተራችሁ ይነግራችኋል። ስትነቅሉ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ። ውሃውን ቦይ ውስጥ ከመድፋታችሁ በፊት በብዙ ውሃ አቅጥኑት። ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቀዳዳ በደንብ አስደፍኑት፤ ክፍት ከቀረ አቧራ ይገባል። የሴንሰር ማታለያ ካለ ቀድሞ እሱ ይውጣ። እኔ በነሐሴ መጨረሻ ነቅያለሁ። ካንዴላ በጊዜው እቀይራለሁ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጎማ እለካለሁ። በዚህ ሳምንት ፉል 14.8 ሄጃለሁ። ትናንት አንድ ሰው የነቀልከውን ኪት በ6,000 ብር ሽጥልኝ አለኝ፤ አልሸጥኩለትም፣ ደብተሬን አሳየሁት።