ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? የሆድና የዘንቢል ጉዳይ

ቤቴ ደሴ ነው፣ እንጀራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት በሚኒባስ እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። መንገዱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ዝቅ ይላል። ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሰው ታች ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ማዕዱንም ገበያውንም የሚለየው ይኸው ብርድና ሙቀት ነው።

ለአስቤዛ ደሴን እመርጣለሁ። ሰኞ ገበያ ቀኑን በስሙ ይዞታል። ገብሱ፣ ባቄላው፣ ምስሩ ከደጋው ይመጣል። በጠዋት ከሄዳችሁ ገበሬዋን ራሷን ታገኛላችሁ፤ ከረፈደ የምታገኙት ነጋዴውን ነው።

ቅቤም የምገዛው እዚያው ነው፤ ብርዱ ያቆየዋል። ግን ብርድ ጉድም ይደብቃል። በረጋ ቅቤ ውስጥ የተቀላቀለ ነገር በዓይን አይለይም። አንዴ “ለጋ ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ” ተብዬ እውነትም ዓይኔን ጨፍኜ ሁለት ኪሎ ወሰድኩ። ሲነጠር ግማሹ ውሃና አተላ ሆነ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ከዚያ ወዲህ ቆንጠር አድርጌ የእጄ ጀርባ ላይ አሸዋለሁ። ሲሟሟ ሽታው ራሱ ይናገራል። ለወጥ መካከለኛው ወይም በሳሉ ይበቃል፤ ለጋውን ለገንፎ ያዙት። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ቅቤውን ስለሚያላላው ለማጭበርበር አይመችም፤ ግን ገዝታችሁ ቶሎ ቤት ካልገባችሁ ፌስታል ሙሉ ዘይት ይዛችሁ ነው የምትደርሱት።

በርበሬ የትም ግዙ፣ ብቻ ዛላውን አይታችሁ አስፈጩ።

እንጀራ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ደሴ ሊጡ በብርዱ ቶሎ አይቦካም፤ የቸኮለ እንጀራ ቤት አፍለኛ ያቀርብላችኋል። ኮምቦልቻ በአንድ ሌሊት ኩፍ ይላል። ደግሞ ቆላው የማሽላ አገር ነው። ትኩስ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ካልበላችሁ ኮምቦልቻን አያችሁ አልልም። ለነገ ግን አትግዙ፣ አድሮ ይሰነጣጠቃል። ለማሳደር ከሆነ ከጤፍ ጋር የተቀየጠውን ጠይቁ።

ሥጋ ስትበሉ መጀመሪያ ታፔላውን እዩ፤ መስቀል ወይም ጨረቃ አለው። በሁለቱም ከተማ እንዲሁ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ለእንግዳ ደግሞ ጥቅም አለው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ነው። በ2017 ግን ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙና ቀን ላይ ጥብስ መፈለግ ፈተና ነበር። ማታ ማታ ሳምቡሳውና ሾርባው ካሰን። ለፍየል ጥብስ እኔ ወደ ኮምቦልቻ አደላለሁ፤ የቆላ ፍየል ጣዕሙ ሌላ ነው። ሳታዙ በፊት “ኪሎው ስንት ነው? ማጥበሻውስ?” በሉ። ሁለቱ ለየብቻ የሚታሰቡበት ቤት አለ።

ፍራፍሬ? ኮምቦልቻ፣ ያለ ክርክር። ማንጎና ፓፓያው ደሴ እስኪወጣ ዋጋውም አብሮት ይወጣል። በለስ በክረምት መንገድ ዳር ልጆች ልጠው ይሸጡላችኋል፤ እሾሁን ለእነሱ ተዉት።

ዓሣ ከሆነ ለደሴ ይቀርባል። ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊዜ ካላችሁ ግን እዚያው ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ ብሉት። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባታችሁ እተዋለሁ።

የግመል ወተት የሚያምራችሁ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ውረዱ። ችግሩ የባቲም ትልቁ ገበያ ሰኞ መሆኑ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ወይ ቅቤ ወይ ግመል። እኔ እስካሁን ሁሌም ቅቤ ነው የመረጥኩት።