«ሴቨራንስ» ሁለተኛ ሲዝን ብሎ የሸጠልኝ ልጅ

የ2017 ጥምቀት ማታ ነው የምጽፈው። ንዴቴ ገና አልበረደም።

ፊልም ጫኙን ታውቁታላችሁ። የሌለው ሰፈር የለም። ጠባብ ሱቅ፣ አንገቱ ላይ ጆሮ ማዳመጫ። «አለ?» ስትሉት «ምን የሌለ አለ!» ይላል።

«ሴቨራንስ» የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። የመጀመሪያው ሲዝን በ2022 (እ.ኤ.አ.) ዋናው ገጸ ባሕርይ ማርክ ሚስቱ በሕይወት እንዳለች ሲጮህ አንጠልጥሎ ጥሎን ሄደ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ሁለተኛው አርብ ዕለት ተለቀቀ። እኔ ከተራ ዕለት ፍላሼን ይዤ ሱቁ ተገኘሁ። «አሥሩም ክፍል አለ፣ 150 ብር» አለኝ። አሥር መሆኑስ ልክ ነው። ግን በየሳምንቱ አርብ አንድ አንድ እየወጣ እስከ መጋቢት ነው የሚሄደው። ይህን አንብቤያለሁ! አንብቤም አሥሩም አለ ሲለኝ በደስታ ከፈልኩ።

ደግሞ እኮ አስሞክሬያለሁ። ማርክ በሚሠራበት ኩባንያ፣ በሉሞን ነጭ ኮሪደሮች ይሮጣል፣ ይታጠፋል፣ ካሜራው ይዞርበታል። ሙዚቃው ልብ ይሰቅላል። ምስሉ መስታወት ነው። «በቃ፣ በቃ፣ እንዳታበላሽብኝ» ያልኩት እኔው ነኝ። በዚያ ሩጫ ውስጥ አንድም ሰው አያወራም። ልጁ ይህን ያውቅ ነበር።

ዛሬ ማታ ቤተሰቡን ሰብስቤ፣ ፈንዲሻ ቀርቦ፣ መብራት አጥፍቼ ከፈትኩት። ሩጫው አለቀ። አለቃው ሚልቺክ ፈገግ ብሎ ብቅ አለ። አፉን ሲከፍት አንድ ጎርናና ድምጽ በራሺያኛ ማንበብ ጀመረ። ለወንዱም እሱ፣ ለሴቱም እሱ። እንግሊዝኛው ከሥር እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ሚስ ሁዋንግ የምትባል ሕጻን አዲስ ምክትል አለቃ ሆና መጥታለች፤ እሷም በዚያው ሽማግሌ ድምጽ ታወራለች። የሉሞንን ሕንጻ በድምጽ የሚተውነው ኪያኑ ሪቭስ ነው። እኔ ግን ኪያኑን አልሰማሁትም።

በደርግ ጊዜ ሞስኮ የተማሩት አጎቴ ብቻቸውን ሳቁ። «ለእኔ ብለህ ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው!

ሁለተኛውን ፋይል ከፈትኩ። የማርክ ባልደረባ ሄሊ ጠረጴዛ ላይ ተኝታ ነቃች። ይህማ የመጀመሪያው ሲዝን የመጀመሪያ ክፍል ነው! ስሙ ተቀይሮ። የድሮው ሲዝን ዘጠኝ ክፍል ነው፤ አንድ ሲጨመርበት አሥር። ሒሳቡ እንኳ ተሠርቶልኛል። በድራማው የሉሞን ሠራተኞች የሥራ ቦታውን ቤት ገብተው እንዳያስታውሱ ጭንቅላታቸውን ይቀደዱ የለ? ከተራን ብቻ እንዲህ ቢያወጡልኝ።

ደወልኩለት።

«ወንድሜ፣ ሴቨራንስ ነው አይደል?»
«ነው፣ ግን በራሺያኛ...»
«ታዲያ ቋንቋ መች መረጥክ?»

ከጀርባው ሲስቁ ይሰማኛል። ብሬን ስለው «ፍላሽህን አምጣ፣ ሌላ ፊልም እጭንልሃለሁ፤ ነገ ግን ሚካኤል ነው፣ ዝግ ነን» ብሎ ዘጋው።

የተሰረቀ ገዝተህ ተሰረቅኩ ትላለህ የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን በሕጋዊ መንገድ ከፍዬ እንዳላይ የዶላር ካርድ የለኝም።

ስታስሞክሩ መሃል ላይ ክፈቱት፣ ሰው የሚያወራበት ጋ። የመጨረሻውን ፋይልም እዩ።

አጎቴ አሁንም ሳሎን ናቸው። ክፍል አንድን እንደገና ከፍተውታል፤ «ጥሩ ነው እኮ» ይሉኛል።