«የበረዶ ጃኬት ነው» ብሎኝ ነበር

የገዛሁት ጥር ላይ ነው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከሰልቫጅ ክምር ውስጥ። ብርቱካናማ ነው፣ ኪሱ ተቆጥሮ አያልቅም። 2,200 ብር። ሻጩ «የበረዶ ጃኬት ነው፣ ወላሂ ጠብታ ውሃ አታገኝህም» አለኝ። ስምንት ወር ለበስኩት። ይሞቃል፣ ዚፑም አስቸግሮኝ አያውቅም። የምጽፈው ስለ ቀኝ ትከሻው ነው።

ነሐሴ ላይ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ወደ ጉጉፍቱ ደጋ ወጣን። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ብርዱን እናውቀዋለን እንላለን። ጉጉፍቱ ስትደርስ ግን አለማወቅህን ታውቃለህ። ከመኪና ወርደን በእግር ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳንሄድ ጉሙ አለበሰን፣ ከጉሙ ኋላ ደግሞ ዝናቡ። ጓደኞቼ አንዱ ጃንጥላ፣ ሁለቱ ላስቲክ። እኔ ኮፍያዬን ጎትቼ ከፊት ከፊት እመራለሁ። «እናንተ ተጠለሉ፣ እኔ እጠብቃችኋለሁ» ሁሉ ብያለሁ፣ ምን ዋጋ አለው።

አንዲት ቀዝቃዛ ክር ከቀኝ ትከሻዬ ተነስታ በብብቴ በኩል ወረደች። ላብ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይታ ወገቤ ደረሰች። ላብ እንዲህ አይበርድም። በሰዓት ውስጥ ሸሚዜ ሰውነቴ ላይ ተለጥፎ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር፣ ጃኬቱ ግን ከውጭ ሲያዩት አሁንም ግርማ ሞገሱን እንደያዘ ነው። ከድንጋይ ስር አንድ እረኛ ልጅ ገሳውን ደፍቶ ቆሎ ይቆረጥማል። ደረቅ ነው። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ጋሼ፣ ያ ልብስ ያፈሳል እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? ከሣር የተሠራ ልብስ የለበሰ ልጅ ነው እኮ የጠየቀኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ገለበጥኩት። እነዚህ ጃኬቶች ስፌታቸው ላይ ከውስጥ በኩል ቀጭን ፕላስቲክ ይለጠፋል፣ መርፌ የበሳውን እንዲደፍን ማለት ነው። የኔው የቀኝ ትከሻ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። አምፖል ላይ ስይዘው ቀዳዳዎቹ ተራ በተራ በሩ። ውስጡ ያለው ምልክት 10,000 ሚሊ ሜትር ይላል፤ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ጨርቁ ላይ ቢቆም ይችላል ነው ነገሩ። ጨርቁማ ይችል ይሆናል፣ ውሃው የገባው በስፌቱ ነው። እዚህ ላይ የኔም እጅ አለበት፣ አልክድም። በፈላ ውሃና በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌዋለሁ፣ ቦርሳዬንም ሁልጊዜ በቀኝ ትከሻ ነው የማንጠለጥለው።

ያን ሌሊት ከሻጩ ጋር በሐሳቤ ስጣላ አደርኩ። «ጠብታ አታገኝህም አላልክም?» እለዋለሁ። «የበረዶ ነው አልኩህ እንጂ የዝናብ ነው መቼ አልኩህ?» ይለኛል። የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን ነው።

ይሄንን የነገረችኝ ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ያለችው እህቴ ናት። ፎቶ ስልክላት ሳቀች። «ይሄ እኮ የበረዶ ሸርተቴ ጃኬት ነው» አለችኝ። እሷና ጓደኞቿ ሌሊት ተነስተው፣ ከሸርተቴው ስር ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ፀጉራም ጨርቅ ለጥፈው፣ ሰው ያልረገጠው ተራራ ላይ በእግራቸው ሰዓታት ይወጣሉ አሉ። አናቱ ላይ ጨርቁን ልጠው፣ ሌሊት በወረደው፣ ገና እንደ ዱቄት በሚበነው በረዶ ላይ ቁልቁል ይለቁታል። ለደቂቃዎች ደስታ ነው ያ ሁሉ ድካም! በረዶው ብርዱ ሲጠና ደረቅ ነው፣ ትከሻህ ላይ ቢቀመጥ አራግፈህ መሄድ ነው። የኛ ዝናብ አይራገፍም። ጥፋቱ የአማርኛም ነው፤ ከሰማይ የሚወርደውም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም፣ አውሮፓ ተራራ ላይ የሚቆለለውም ለኛ ሁሉም በረዶ ነው።

እጅጌው ላይ ያለችውንም ትንሽ ምልክት ነገረችኝ። ጓደኞቼ «ጂፒኤስ ነው፣ ፈረንጆቹ እየተከታተሉህ ነው» እያሉ ሲያስፈራሩኝ ነበር። ለካ የበረዶ ናዳ ሰው ሲቀብር ፈላጊዎቹ የሚልኩትን ሞገድ መልሶ የሚያንጸባርቅ ነገር ነው። ባትሪም የለው። ጉጉፍቱ ላይ ማን እንደሚፈልገኝ እንጃ።

ግን ፍትሕ ይኑር። ሚያዝያ ላይ፣ በበልጉ፣ የጦሳን ተራራ ስንወጣ የወረደብንን በረዶ አልረሳሁም። መሬቱ በደቂቃ ነጭ ሆነ። ጃኬቱ ከውስጥ ወገብ ላይ ላስቲክ ያለው ቀሚስ የሚመስል ነገር አለው፣ ሲወድቁ በረዶ በጀርባ እንዳይገባ ነው አሉ። ቀን በቀን የሚሳቅብኝ በሱ ነበር፣ «ቀሚስህን ሰብስብ!» ተብሎ። ያን ቀን ቆልፌው በጀርባዬ ሸርተት ብዬ ቁልቁል ስሄድ አንዲት ፍሬ አልገባችብኝም። ከኔ ኋላ የተንሸራተተው ጓደኛዬ ሱሪውን ሲያራግፍ ከውስጡ በረዶ እፍኝ ሙሉ ወጣ። ተነስቶ ቀሚሱን በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ ወዲህ ሰብስብ ያለኝ የለም።

ትከሻውን ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ በማስቲሽ አስለጠፍኩት። ደንድኖ ጣውላ መስሏል፣ ክንዴን ሳነሳ ይንኮሻኮሻል። ያፍስ አያፍስ ገና አልሞከርኩትም፣ መስከረም ጠባና ዝናቡ አባራ። የጃንጥላው ጓደኛዬ 1,500 ብር ልስጥህ ብሎኛል፣ ለበልጉ ፈልጎት መሆኑ ገብቶኛል። አልሸጥም። ለሚቀጥለው ክረምት ግን ገሳ የት እንደሚሸጥ እያጠያየቅኩ ነው።