ስምንት ወር ቡና የለካሁበት ሬዞኔተር ሴንሰር

ይህን ሬዞኔተር ሴንሰር (በአንድ የራዲዮ ሞገድ ድግግሞሽ ላይ የሚያስተጋባ መለኪያ) የገዛሁት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ አቅራቢዎች የሚያመጡልኝን የጥሬ ቡና ናሙና እርጥበት ቶሎ ለማወቅ። ትክክለኛው መንገድ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት አድርቆ መመዘን ነው። አቅራቢው ግን በር ላይ ቆሞ «ንገረኝ እንጂ ወንድሜ፣ መኪና እየጠበቀኝ ነው» ይላል።

መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ቦርድ ናት፤ ላይዋ ላይ አንድ ቦታ የተከፈተ የመዳብ ቀለበት፣ ግራና ቀኝ ኮኔክተር። ባዶዋን ስትሆን የማንበቢያው መሣሪያ ስክሪን ላይ ያለው መስመር 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሰረጉዳል፣ ቡና ሲቀመጥባት ጉድጓዱ ወደ ግራ ይሸሻል። የውሃ ፐርሚቲቪቲ (አንድ ቁስ ለኤሌክትሪክ መስክ የሚሰጠው ምላሽ መጠን፤ ከፍ ባለ ቁጥር ጉድጓዱ ይበልጥ ይሸሻል) 80 ገደማ ነው፣ የደረቀ ፍሬ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እርጥበትም ራሷን ታሳብቃለች። ለማንበቢያ ናኖ ቪኤንኤ የሚባል፣ የራዲዮ ሞገድ ልኮ ምላሹን በስክሪን የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ይዣለሁ። የመጀመሪያው ዓይነት 900 ሜጋኸርዝ ላይ ስለሚያበቃ እስከ 3 ጊጋኸርዝ የሚሄደውን መግዛት ግድ ነው። ሻጩ ይህን አልነገረኝም፣ ሁለቴ ከፈልኩ። በባትሪ መሥራቱ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ያስመሰግነዋል።

የመጀመሪያው ወር ስቃይ ነበር፤ አንዱን ናሙና አምስቴ ለክቼ አምስት የተለያየ መልስ። ሴንሰሩን ስረግም ከርሜ ጥፋተኛው አየር ሆኖ ተገኘ። ፍሬው አንዴ በሆዱ፣ አንዴ በጀርባው ይተኛል፤ በመሃል የሚቀረው ክፍተትም አብሮ ይለዋወጣል። አሁን 50 ግራም መዝኜ ግርጌው ስስ በሆነ አንድ የፕላስቲክ ስኒ እጨምራለሁ፣ ሦስቴ ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ ኳ፣ ቦርዱ ላይ አስቀምጬ እጄን አነሳለሁ። ጣቴ የስኒውን ግርጌ ከነካ ጣቴንም ይለካል! ደግሞም የሚያየው ከታች ያሉትን ጥቂት ሚሊሜትሮች ብቻ ስለሆነ፣ ናሙናውን ሦስቴ አገላብጬ አማካዩን እወስዳለሁ።

በአምስተኛው ወር አንዱ ኮኔክተር ብየዳው ተሰንጥቆ ቁጥሩ መዝለል ጀመረ። ራሴ በየድኩት። ጠዋትና ከሰዓት ሙቀቱ ስለሚለያይም ሥራ ሳልጀምር ፐርሚቲቪቲው 2.1 በሆነ የቴፍሎን ቁራጭ እፈትሸዋለሁ።

የታጠበና ያልታጠበ ቡና የጉድጓዱን ቦታ ወደ እርጥበት በሚቀይር በአንድ ሠንጠረዥ አይነበብም፤ ለእያንዳንዱ በምድጃ እያመሳከርኩ የራሱን ሠርቻለሁ፣ አሰልቺ ነው። ከዚያ በኋላ 11 ከመቶውን ከ14ቱ ለይቶ አልሳተም። 11ዱን ከ12ቱ ለይልኝ ለሚለኝ አቅራቢ ግን አሁንም «መኪናውን ስደደው፣ ነገ ና» እለዋለሁ።