ተጎታች ቤትን ከአይጥ ለመጠበቅ የቱን ልግዛ?

ወራት ቆሞ የከረመውን ተጎታች ቤቴን ከፍቼ አልጋው ስር ያለውን መሳቢያ ሳብኩት። አስቀምጬው የነበረው የሶፍት ጥቅል የለም። ጥጉ ላይ ቡጢ የሚያክል፣ በስሱ የተተለተለ የሶፍትና የስፖንጅ ክምር አለ። ከጎኑ የውሃ ፓምፑ ገመድ ተግጦ መዳቡ ያብረቀርቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልሞከርኩት መከላከያ ጥቂት ነው። የጠቀመኝንም ገንዘቤን የበላውንም እነግራችኋለሁ።

ተጎታች ቤት እንደ መኖሪያ ቤት አይደለም። ቆሞ ሲከርም ብዙ ጊዜ መብራት የለውም፣ ሲጎተት ደግሞ ይንገጫገጫል። ስለዚህ ዕቃ ስትመርጡ ያለ መብራት ይሠራል? መንገድ ላይ አይረግፍም? እኔ ሳልኖር ሥራውን ይቀጥላል? ብላችሁ ጠይቁ።

መድፈኛዎች

ብራችሁን መጀመሪያ እዚህ ላይ አውሉት። የቤት አይጥ 6 ሚሊሜትር አካባቢ በሆነ ክፍተት ታልፋለች። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ለእሷ በር ነው። ብዙ ጊዜ የምትገባው ከስር፣ የውሃ ቱቦ፣ የጋዝ መስመርና የኤሌክትሪክ ገመድ ወለሉን ሰንጥቀው በሚያልፉበት ነው።

የሚነፋ ፎም ቀላል ነው፤ ጣሳውን ነቅንቆ መርጨት ብቻ። ብቻውን ከሆነ ግን ቦርቡራው ትገባለች። የብረት ሱፍ (እንደ ሱፍ የተጠላለፈ ቀጭን የብረት ክር) ጥርሷን ይመልሳል፣ ችግሩ ዝገት ነው። ከስር የመንገድ ውሃ ሲረጨው ይዝግና ተፈርፍሮ ይረግፋል። የመዳብ ወይም የማይዝግ ብረት መረብ ዋጋው ከሁለቱም ይወደዳል፤ እኔ የምገዛው ግን እሱን ነው። ቀዳዳው ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ክተቱት፣ ላዩን በሲሊኮን አሽጉት። ሲሊኮኑ መረቡ በመንገጫገጭ ብዛት እንዳይወልቅ ይይዘዋል። ለሰፊ ክፍተት ዓይኑ ከ6 ሚሊሜትር ያልበለጠ ወንፊት ሽቦ በብሎን ምቱበት።

ቀዳዳውን ለማግኘት የሚገዛ ነገር የለም። ሲመሽ አንድ ሰው መብራት አጥፍቶ ውስጥ ሆኖ ብርሃን የሚገባበትን ይፈልግ፣ ሌላው ከስር ገብቶ በባትሪ ያብራ። የካቢኔ በሮቹን ክፍት ተዉ። እኔ እንዲህ ሳደርግ ከምድጃው ጀርባ እንደ ኮከብ ብልጭ ያለች ነጥብ አየሁ። ለካ አይጧ የምትመላለሰው በእሷ ነበር።

ወጥመዶች

ተራው ባለ ሞላ ወጥመድ አሁንም አሸናፊ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ቶሎ ይገድላል። ጉድለቱ አንዴ ከያዘ ሥራው ማብቃቱ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሳይሆን ብዙ ግዙ። አይጥ ግድግዳ ታካ ስለምትሮጥ ማባበያው የሚቀመጥበትን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙሩት። ለማባበያ የለውዝ ቅቤ ከጥፍር የማይበልጥ ይበቃል። ብዙ ከቀባችሁ ከዳር ዳር ልሳው ትሄዳለች።

በባትሪ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ወጥመድ ንጹህ ነው፣ ሬሳውን ሳትነኩ ትደፋላችሁ። ነገር ግን ባትሪው ካለቀ ያው ባዶ ሳጥን ነው። በሕይወት የሚይዘውን እናንተ ውስጥ ስትሰነብቱ ብቻ ተጠቀሙበት። ዘግታችሁ ከሄዳችሁ የተያዘችው በረሃብና በጥም ትሞታለች። ሙጫውን አልመክርም፤ አቧራ ሲለብስ አይዝም፣ ሲይዝም ማሰቃያ ነው።

በድምፅና በሽታ የሚያባርሩ

ሶኬት ላይ የሚሰካው የአልትራሳውንድ (የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ) መሣሪያ ሳጥኑ ላይ ብዙ ቃል ይገባል። ድምፁ ግን ካቢኔና ፍራሽ አያልፍም፣ አይጦችም ቶሎ ይለምዱታል። በ2001 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከ60 በላይ ለሚሆኑ አምራቾችና ሻጮች ‘የምትሉት ሳይንሳዊ ማስረጃ ይኑረው’ የሚል ማስጠንቀቂያ ልኳል። መብራት በሌለበት ደግሞ ጌጥ ነው።

የፔፐርሚንት (የናና ዓይነት ተክል) ዘይት በቀናት ውስጥ ይተናል፤ ማን እየሄደ ይጨምርላታል? ናፍታሊን ይባስ። ትነቱ ለጤና ጎጂ ነው፣ ሽታው ፍራሽ ውስጥ ገብቶ አይለቅም፤ እናንተን ያባርራል።

መርዝ

ተጎታች ቤት ውስጥ በፍጹም። በብዛት የሚሸጠው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ነው፣ ለመግደል ቀናት ይፈጅበታል። አይጧ በዚያ መሃል ግድግዳው ውስጥ ገብታ ትሞታለች፣ ሽታውን እናንተ ትወርሳላችሁ። የተመረዘችውን የበላ ድመት ወይም ጉጉትም ይጎዳል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄ ነው።

ባጀታችሁ ጠባብ ከሆነ

መረብ፣ አንድ ቱቦ ሲሊኮንና 6 ባለ ሞላ ወጥመድ ግዙ። ብር ከተረፋችሁ ጓንትና በረኪና ጨምሩ። የአይጥ ኩስ ከባድ በሽታ በሚያመጣው ሃንታ ቫይረስ ሊበከል፣ አቧራውም ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል በደረቁ አትጥረጉት። በርና መስኮቱን ከፍታችሁ አናፍሱት፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርከፍክፉበት፣ 5 ደቂቃ ቆዩና በወረቀት አንሱት።

ወጥመዶቹን ስታጠምዱ ቁጥራቸውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሩ ላይ ከውስጥ ለጥፉ። እኔ 6 አጥምጄ 5 ሰብስቤ ነበር። ስድስተኛውን ያገኘው የእግሬ አውራ ጣት ነው።