ለአንድ ሌሊት የተራራ ጎጆ፦ እንጦጦ፣ ወንጪ ወይስ ጓሳ?

አራት ኪሎ ቡና ስንጠጣ ሁሌ የሚነሳ ወሬ አለ። «እስቲ አንድ ቅዳሜ እንኳን ወጣ ብለን ተራራ ላይ እንደር!» ስልክ ይወጣል፣ የእንጨት ቤት ፎቶ ይታያል፣ ክርክር ይጀመራል። አንዷ እንጦጦ፣ አንዱ ወንጪ፣ ሌላው «ከተሄደ አይቀር ጓሳ!» ይላል። ሦስቱንም ስላየሁ ልንገራችሁ።

ፎቶው የማያሳየው ሌሊቱን ነው። እኛ አገር ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ እይታ የሚባል ነገር የለም፤ እስከ ንጋት ቤቱና እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ስትደውሉ መጀመሪያ ስለ ግድግዳው ጠይቁ። ስሙ ይቅርና አንድ ቦታ ስናድር የግድግዳው ባሕር ዛፍ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። በሁለት ግንድ መካከል ጣት ያስገባል። ሌሊት ነፋሱ በዚያ እየገባ ሲያፏጭ ጓደኛዬ ተነስቶ ካልሲውን ወተፈበት። ጠዋት በባዶ እግሩ ጫማ አጥልቆ ቁርስ በላ። ባሕር ዛፍ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራበት እንዲህ ነው። ጽድ ይሻላል፤ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ከውስጥ በጣውላ የተለበጠ ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ቀጥሎ እሳት። ክፍሉ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ አለው? ማገዶው ሒሳቡ ውስጥ ነው? «ከሰል በማንደጃ እናስገባላችኋለን» ካሏችሁ እምቢ በሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል የተኛ ሰው ይገድላል። ከዚያ ይልቅ የሞቀ ውሃ በላስቲክ ኮዳ ሞልታችሁ ብርድ ልብሱ ውስጥ ክተቱ።

ወደ ቦታዎቹ እንምጣ። እንጦጦ ቅርብ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ብቻ። ጫፉ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከመሃል ከተማው ይበርዳል። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ፈረሱም፣ ካፌውም፣ የልጆች መጫወቻውም እዚያው ነው። ልጅ ትኩሳት ቢይዘው ቤት ለመመለስ ቀላል ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከከተማ የወጣችሁ አይመስላችሁም። እሑድ ደግሞ ግማሹ አዲስ አበባ እዚያ ነው።

ወንጪ ሌላ ነገር ነው። በወሊሶ በኩል ከ150 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ በአምቦ ሄዶ በወሊሶ መመለስም ይቻላል። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ ሐይቁ ተኝቷል፤ መሃሉ ላይ ደሴትና የቂርቆስ ገዳም አለ። በፈረስ ወርዶ በጀልባ መሻገር ነው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎታል። ማደሪያው ከቅንጡ እስከ ቀላል ስላለ ዋጋው ይራራቃል። ታዲያ «ፕላስ ፕላስ» ከተባላችሁ ተጠንቀቁ፤ 15 በመቶ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ገና ይጨመርበታል ማለት ነው። ለሁለት የተመቸ የመሰላችሁ ክፍል ሒሳቡ ሲመጣ ፊት ያጠቁራል።

ጓሳ ለደፋር ነው። ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ መገንጠል፤ በጠቅላላው 260 ኪሎ ሜትር ገደማ። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ያቆየው ሣር ውስጥ ጭላዳ መንጋ ሆኖ ይግጣል። ዕድል ካላችሁ ቀይ ቀበሮም ታያላችሁ። የማኅበረሰቡ ማደሪያ ቀላል ነው፤ ምግባችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ራሳችሁ ታበስላላችሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የአንድ ሌሊት ጉዞ አይደለም፤ ሁለት ሌሊት ከሌላችሁ ይቅርባችሁ። የሰሜን ሸዋን መንገድም በዚያው ሳምንት ካለፈበት ሰው ሳትጠይቁ አትነሱ።

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ እንጦጦ። ለፍቅረኛሞችና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ወንጪ፤ በተለይ ዝናቡ አባርቶ አደይ አበባው ሳይረግፍ። ጓሳን ብርድ የማያማርር ጓደኛ ካገኛችሁ ብቻ።

እኛ ለመስከረም መጨረሻ ወንጪን ይዘናል። ያ ጓደኛዬ ከወዲሁ አራት ጥንድ ካልሲ ገዝቷል፤ ሁለቱ ለእግሩ፣ ሁለቱ ለግድግዳው።