ለሰው ደም አንደኛ፣ ለዝንጀሮ ግን ምራቅ አዘጋጁ

የደም ዓይነት መመርመሪያ ፈሳሽ ነው፣ ሦስት ትንንሽ ጠርሙስ። ሰማያዊው አንቲ-ኤ፣ ቢጫው አንቲ-ቢ፣ ቀለም የሌለው አንቲ-ዲ። የደም ዓይነቱን የተመረመረ ሰው ሁሉ ሰማያዊና ቢጫውን ስላይድ ላይ ሳያያቸው አይቀርም። እኔ የገዛሁት ግን ለሰው አይደለም። እዚህ አሜሪካ ዝንጀሮና ሪሰስ ጦጣ የሚያረባ የምርምር ማዕከል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሻጩም ገጹ ላይ «ለሰውም ለዝንጀሮም» ብሎ ጽፏል። ስሙን አልጠራም። ከዚች አረፍተ ነገር ጋር ግን ጠብ አለኝ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ዕቃው ቅዝቃዜው ሳይለቀው ደረሰ። ጠብታው እኩል እኩል ይወርዳል። የሰው ደም ላይ ስትሞክሩት ወዲያው ይጓጉላል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ «አግሉቲኔሽን» የምንለው ማለት ነው፣ ዓይን የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ዋጋውም አይከፋም።

አሁን የዝንጀሮ ደም ጠብ አድርጉበት። ምንም። ሁለተኛው ዝንጀሮም ምንም፣ ሦስተኛውም ያው። ሻጩን ያመነ ሰው «ሁሉም ኦ ናቸው» ብሎ መዝግቦ ቡናውን ሊጠጣ ይሄዳል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዝንጀሮ ውስጥ ኦ እጅግ ብርቅ ነው፣ አብዛኞቹ ኤ፣ ቢ ወይም ኤቢ ናቸው። አንቲጅኑ (የደም ዓይነቱን የሚወስነው ምልክት) ቀይ የደም ሴሉ ላይ ስለሌለ ነው የማይታየው፤ ያለው የደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ፣ አፍና አንጀትን በሚሸፍኑት ሴሎች ላይና ምራቅ ውስጥ ነው። ሪሰስ ጦጣም እንደዚሁ። ቺምፓንዚ ግን እንደኛ ቀይ ሴሉም ላይ ስላለው ሰማያዊው ጠርሙስ ያለችግር ይሠራለታል። (ቺምፓንዚ ኤ ወይ ኦ ነው፣ ቢ አይገኝበትም። ጎሪላ ደግሞ ቢ ብቻ።)

«እና ምን አገባን?» የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ ውስጥ «ቤቢ ፌይ» በሚል ስም የምትታወቅ ጨቅላ የዝንጀሮ ልብ ተተክሎላት ነበር። እሷ ኦ፣ ዝንጀሮው ኤቢ። ኦ የሆነ ዝንጀሮ ከየት ይምጣ! ሦስት ሳምንት ገደማ ኖራ ሞተች፣ ለሞቷም ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የደም ዓይነት አለመግጠም ነው። የኦ ሰው አንቲቦዲ (ባዕድ አንቲጅን ለይቶ የሚይዝ የሰውነት መከላከያ) የሚያጠቃው የተተከለውን አካል የደም ሥር ግድግዳ ነውና፣ ቀይ ሴሉ «ንጹሕ» መምሰሉ አያድንም።

ስለዚህ በዚህ ዕቃ ዝንጀሮ መመርመር የምትፈልጉ ምራቅ ሰብስቡ። ምራቁን የፈላ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ታቆዩታላችሁ፣ አንቲጅኑን የሚበሉት ኤንዛይሞች ይሞታሉ፣ ከዚያ ሴንትሪፉጅ አድርጋችሁ ላይኛውን ፈሳሽ ከአንቲ-ኤው ጋር ትቀላቅሉና መጨረሻ ላይ የሰው ኤ ቀይ ሴል ትጨምራላችሁ። ካልጓጎለ ምራቁ ውስጥ ኤ አለ፣ ምክንያቱም ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አንቲቦዲ ቀድሞ ይዞታል። ከጓጎለ የለም። ለቢም እንዲሁ ነው። ችግሩ፣ ይህ መመርመሪያ ፈሳሽ እንዳለ ከተጠቀማችሁበት በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ምራቁ አይችለውም፤ ደረጃ በደረጃ እያቀጠናችሁ ልኩን ራሳችሁ ማግኘት አለባችሁ። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ስለዚህ አንድ ቃል የለም። ውጤቱን በሴረም (ደም ሲረጋ በሚለየው ፈሳሽ) ማመሳከርም ጥሩ ነው፣ ግን ሴረሙን አስቀድማችሁ በሰው ኦ ቀይ ሴል አጣሩት፣ አለበለዚያ የዝንጀሮ ሴረም ያገኘውን የሰው ሴል ሁሉ ያጓጉላል። ኦን ለማረጋገጥ ደግሞ ኤች የሚባለውን የኦ ምልክት የሚይዘው አንቲ-ኤች ያስፈልጋል፣ እሱ ሳጥኑ ውስጥ የለም፣ ለብቻው ይገዛል።

አርኤች ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሚለየው አንቲ-ዲ ለእኔ ሥራ ትርፍ ነው። ላንድስታይነርና ዊነር በ1940 የሪሰስ ጦጣ ደም ጥንቸልና ጊኒ ፒግ ላይ ወግተው ያገኙት አንቲቦዲ ከመረመሯቸው ኒውዮርካውያን 85 በመቶ ገደማውን ደም አጓጎለ፣ «አርኤች» የሚለው ስምም ከዚያ መጣ። በኋላ ሲጣራ ያ አንቲቦዲ የሚይዘው ዲን ሳይሆን ሌላ አንቲጅን ሆኖ ተገኘ፣ ዛሬ በሁለቱ ስም ኤልደብሊው ይባላል። የሪሰስ ጦጣ ደም ላይ አንቲ-ዲ ብትጨምሩ ፍንክች አይልም።

የሰው ላቦራቶሪ ካላችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙት፣ አምስት ኮከብ። ለእኔ ሦስት ነው፣ ሻጩ ገጹ ላይ «ለዝንጀሮ በምራቅ ብቻ» ብሎ ካስተካከለ አራተኛዋን እጨምርለታለሁ።